የወጣ ጌም የነካ ሰው

በከተማችን ሃያ ሁለት ዓመት የመጪ ጌሞች አብሣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። በየዓመቱ መጋቢት በገባ በሦስተኛው እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አደባባዩ መካከል ካለችው ድንጋይ ላይ እወጣና ወደፊት ሊወጡ የታሰቡትን፣ ዐይን ሊጣልባቸው የሚገባቸውን ጌሞች አንድ በአንድ አነባለሁ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እኔም እጅ እነሣለሁ። ድምፄ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ራሴን ለመካብ አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚለውን ነው የምደግመው።

ጌም ተጫውቼ ግን አላውቅም ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን በከተማው ውስጥ የተጫወተ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ በዚያ ያለፈ እንግዳ፣ «ታዲያ ጌሞቹን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንጠብቃቸዋለን» አልኩት። «ሲመጡስ?» አለኝ። እንግዳ ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝርዝሩ ከተነበበ በኋላ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ጌም ይመርጥና የዚያ ጌም ጠባቂ ይሆናል። አንድ ጌም የሚጠብቁ ሰዎች እድር አላቸው፤ ይጋባሉ፣ አበልጅ ይሆናሉ፣ ሌላ ጌም ከሚጠብቁት ጋር ደግሞ ይሰዳደባሉ። «ሰባተኛው በር» የሚባለው ጌም ከተበሠረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠባቂዎቹ በከተማው የተከበሩ ናቸው፤ አባት ሲሞት የጠባቂነቱን ቦታ ለልጁ ይናዘዛል። ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ቦታ ተካሰው አምስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል፤ በመጨረሻም ዳኛው አንደኛው ሰኞን፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ ሌላው የቀረውን እንዲጠብቅ ፈረደላቸው።

በየዓመቱ የሚመጣ የኳስ ጌምም አለን። ያው ኳስ ነው፣ ያው ሃያ ሁለት ሰው ነው። አምና ግን ሣሩ ነፋስ ሲነፍስ አይነቃነቅም ነበር፣ ዘንድሮ ይነቃነቃል ተባለ። ለዚያ ሣር ሲል የከተማው ግማሽ ተሰለፈ። «የደመና እረኛ» የሚባለው ደግሞ እስካሁን የታየለት የዐሥራ አንድ ሰከንድ ቅምሻ ብቻ ነው፤ በዐሥራ አንዱ ሰከንድ ውስጥ አንድ ደመና ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ስለዚያ ደመና አርባ ደቂቃ ንግግር አድርጌያለሁ፤ ከምኮራባቸው ንግግሮቼ አንዱ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ «ጭስ ነው እንጂ ደመና አይደለም» ብሎ ስለተናገረ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለው ሰው አጣ።

ከሁሉ የምንወደው ግን መዘግየትን ነው። የአንድ ጌም ሠሪዎች «ጥራቱን ለመጠበቅ ሲባል ለከርሞ ተላልፏል» የሚል የይቅርታ ደብዳቤ ሲልኩ ደብዳቤው በአደባባይ ይነበባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ እልልታው ይቀልጣል። «ከመቅረት መዘግየት» ይባል የለ? እኛ ዘንድ ከመምጣትም መዘግየት ይሻላል።

ምክንያቱም አንዳንድ ጌም እንደ ክፉ ዕድል ሆኖ አንድ ቀን ይወጣል። ያን ዕለት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት እየመጣ «እግዜር ያጥናችሁ፣ የተሻለ የሚጠበቅ ይስጣችሁ» ይላል። የጥበቃውን ሕግ የሚያስከብሩት የናፍቆት ሹሙ አቶ ዘርጋው ሳጥንና የማኅተም ሰም ይዘው ይመጣሉ፤ ጌሙን ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ ከትተው ያሽጉና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ትልቁ ጎተራ ያስገቡታል። አቶ ዘርጋው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ባሸጉ ቁጥር ያለቅሳሉ። የወጣ ጌም የነካ ሰው ምን እንደሚሆን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ጣቱ ይደርቃል የሚሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ምንም አያምረውም የሚሉም አሉ። አብሣሪ ከነካ ደግሞ ሥራውን ያጣል፤ ያየ ሰው እንዴት አድርጎ ያበሥራል?

እንግዲህ ባለፈው መጋቢት፣ በዚያው በሦስተኛው እሑድ ጠዋት፣ የአርባ አንድ ጌሞች ዝርዝር ይዤ መስታወት ፊት ድምፄን ስሞክር በሬ ተንኳኳ። እትዬ የሻረግ ነበሩ። እትዬ የሻረግ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ፣ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ሴት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቤት እምብዛም ስለማይወጡ ሰው አንድ ታላቅ ጌም ይዘው የሚጠብቁ ይመስለው ነበር። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ገቡ።

«አብሣሪ ላቀው፣ ጌም ሠርቻለሁ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። በከተማችን ጌም ሠሪ ኖሮ አያውቅም። ብዕሬን አነሣሁና፣ «መቼ ይወጣል ልበል?» አልኳቸው።

«አልቋል።»

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ሮጬ በሩን ዘጋሁት። «እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ! ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ! ምን ሰረቅሁ?» አሉና ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። «ስማኝ ልጄ። ዐይኔ ሄዷል። የጌሙን መጀመሪያና መካከል እያየሁ ነው የሠራሁት፤ መጨረሻውን ግን በዳበሳ ነው የጻፍኩት። ይሥራ አይሥራ አላውቅም። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ይጫወትልኝና ያየውን ይንገረኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

«ለምን እኔ ጋ መጡ ታዲያ?»

«እንዴ! በዚህ አገር ስለ ጌም የሚያወራ አንተ አይደለህ?»

ሰው ለመርዳት ስል የማውቀውን ብልሃት አቀረብኩ። «እትዬ፣ እኔ ልምከርዎት። አላለቀም እንበል። ዝርዝሩ ላይ አርባ ሁለተኛ አደርገዋለሁ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ይወጣል እላለሁ፤ ከዚያ ሁለቴ እናዘገየዋለን። እድር ይቆምልዎታል። ሰው መንገድ ላይ ሲያይዎት ከመቀመጫው ይነሣል።»

«ሦስት ዓመት!» አሉ ጭናቸውን መትተው። «ዛሬ ጥላ ጥላውን አያለሁ። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ጥላውም ይሄዳል ብሎኛል። የተበላሸ ካለ ማስተካከል የምችለው አሁን ነው። ከዚያ በኋላማ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ነገር ማለቁንም ሳላውቅ ልሞት ነው!»

አዘንኩላቸው። ሕግ የማከብር ሰው ስለሆንኩ ግን በመጀመሪያ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። «ጌም ወጥቷል፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የምትል ብጣሽ ወረቀት ጽፌ በናፍቆት ጽሕፈት ቤት በር ሥር አስገባሁ። እሑድ ስለነበረ ቢሮው የሚከፈተው ከዝርዝሩ ንባብ በኋላ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከዚያ እትዬ የሻረግን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ያዘንኩላቸው እውነት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያፈንኩት ጉጉት እንደነበረብኝም አልደብቅም።

አራት ሰዓት ላይ ጀመርን። ጆይስቲኩን ሲሰጡኝ አያያዙን ስለማላውቅ እንደ አራስ ሕፃን በሁለት እጄ አቀፍኩት። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ አዘነበሉ።

ጌሙ ስለ ወንዝ ነው። አንድ ቀዛፊ አለ፤ ማዶ ሠርግ አለ፤ ከበሮው ይሰማል። ቀዛፊው ሰባት ጎረቤቶቹን በትንሽ ጀልባ አሻግሮ ለሠርጉ ማድረስ አለበት። የእኔ ሥራ ማንን ከማን ጋር እንደማስቀምጥ መምረጥና መቅዘፍ ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር። በአጥር ተጣልተው የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጎን ለጎን ካስቀመጥኳቸው ጀልባው ይናጣል። ውሃ የምትፈራ ሴት አለች፤ እጇን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። «በወጉ አልተጠራሁም» ብለው ከዛፍ ሥር አልነሣም የሚሉ ሽማግሌም አሉ፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ ካልተለመኑ ፈቅ አይሉም።

መጀመሪያ ጀልባው ሲሰምጥ ጮህኩ። እትዬ የሻረግ ግን በሳቅ ፈረሱ።

«ማንን ከማን ጋር አስቀመጥክ?»

«አጥረኞቹን።»

«ምን አድርጉ ብለህ! በል እንደገና።»

እንደገና ማለት ከመጀመሪያው ማለት ነበር፤ የደረሱበትን የሚያስቀምጥበት ነገር አልሠሩለትም፣ ጉልበት አንሶኝ ነው አሉ። ስድስት ጊዜ ሰመጥኩ። ጣቴ አልደረቀም፤ አውራ ጣቴ ላይ ብቻ ቀይ ምልክት ወጣ። ውሃ የምትፈራዋን ሴት ከሽማግሌው ጋር ሳስቀምጣት፣ ሽማግሌው እጇን ያዙና «እኔም እኮ እፈራለሁ፣ ጥሪውን ሰበብ አድርጌ ነው» አሏት። ስለ ደመናው አርባ ደቂቃ ስናገር እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የመጨረሻዎቹን ሰዎች እያሻገርኩ ነበር። የናፍቆት ጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ፈልጎ ፈልጎ አገኘኝና በመስኮት፣ «አብሣሪ፣ ሕዝቡ እኮ ተሰብስቧል!» አለ።

«ትንሽ እዘገያለሁ በላቸው።»

ዘበኛው ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ ከአደባባዩ በኩል እልልታና ጭብጨባ ሰማን። ዝርዝሩ ራሱ ሲዘገይ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ሁሉም ተሻገሩ። ቀዛፊው ጀልባውን አሰረና ወደ ሠርጉ ድንኳን ሄደ። በሩ ላይ ደረሰ። እትዬ የሻረግ ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«ገባ?» አሉኝ።

አልገባም። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ባለበት ይራመዳል። እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሰውየው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በሕይወቴ ሰው ቅር የሚያሰኝ ወሬ ተናግሬ አላውቅም፤ እንጀራዬ ተስፋ መስጠት ነው። «ገባ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን አልቻልኩም።

«አልገባም እትዬ። በሩ ላይ ቆሞ ባለበት ይረግጣል።»

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ጎሽ! ጭንቅላቱ በሩን ይነካል አይነካም?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። «ግንባሩ ይነካል።»

«በሩን ዝቅ አድርጌ ተክዬዋለሁ ማለት ነዋ! እሱ እኮ ረጅም ነው፤ አላጎነበሰም። በል ጻፍ።»

እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እያነበብኩላቸው፣ ጌሙ ከተጻፈበት ብዙ መስመር መካከል የበሩን ቁመት የያዘችውን ቁጥር አገኘን። ዐሥራ ሰባት ትል ነበር፤ ሃያ ሦስት አደረግናት። ከዚያ ጌሙን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁን ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። አጥረኞቹን አራራቅኋቸው፣ ሽማግሌውን አራት ጊዜ ለመንኳቸው፤ አንዷ ጭማሪ የእኔ ናት። አንድ ጊዜም አልሰመጥኩም።

ቀዛፊው በሩ ላይ ደረሰ፣ ገባ። ውስጥ ሰባቱም ተቀምጠዋል። ሲያዩት ጠጋ ጠጋ አሉለት፤ አጥረኞቹ ሳይቀሩ በመካከላቸው ቦታ ሰጡት።

«ምን አሉት?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«‹የት ቆየህ? ሳይቀዘቅዝ ና ብላ› አሉት።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እንደ አቶ ዘርጋው የሥራ ልቅሶ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

አደባባይ ስደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰባተኛው ዳቦ እየተቆረሰ ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት ታይቶ አያውቅም እየተባባለ ሰው ይተቃቀፋል። ድንጋይዋ ላይ ስወጣ አንዳንዱ «ምነው ቶሎ መጣህ?» ብሎ ቅር አለው። ዝርዝሩን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። አርባ አንዱም ጥሩ ጥሩ ጌሞች ናቸው፤ ስለ አንዳቸውም ግን የማውቀው ነገር አልነበረኝም። መልሼ ከተትኩት።

«ዘንድሮ ዐይን ሊጣልበት የሚገባ አንድ ጌም አለ» አልኩ። «የወንዝ ጌም ነው። እትዬ የሻረግ ናቸው የሠሩት።»

«መቼ ነው የሚወጣው?» ብሎ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ጠየቀ።

«ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት።»

አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ ጮኸች። የእድር ሰዎች የድንኳን ቋሚ ሊያመጡ ሮጡ። ጎረቤቶቼ እግዜር ያጥናህ ሊሉኝ ወደ ድንጋይዋ ሲጠጉ፣ «እኔም ተጫውቼዋለሁ፤ ይጣፍጣል» አልኩ። የተጠጉት ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ አባት የልጁን ዐይን በጋቢው ሸፈነ። የሰባተኛው በር ጠባቂዎች የስንት ዘመን የጨዋ ጥበቃ እንዳዋረድኩ ነገሩኝ፤ ስድባቸው ረጅም ስለነበረ እዚህ አልጽፈውም።

አቶ ዘርጋው የአብሣሪነቱን መታጠቂያ ከትከሻዬ አወለቁና በሥርዓት አጠፉት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ አብሣሪ ባለመኖሩ ዝርዝሩ ለከርሞ መተላለፉን አስታወቁ። የዚያን ዕለት ጩኸት አልረሳውም። አቶ ዘርጋውን ትከሻ ላይ አውጥተው አደባባዩን ሦስት ጊዜ አዞሯቸው፤ እኔን ማንም አላስታወሰኝም።

አቶ ዘርጋው ከትከሻ እንደወረዱ ሳጥናቸውንና የማኅተም ሰማቸውን ሁለት ሰዎች አስይዘው ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ዘበኛው ከቢሮው ያመጣላቸው ብጣሿ ወረቀቴ እጃቸው ላይ ነበረች። እኔም ተከተልኩ፤ ያ ወረቀት በእኔ እጅ የተጻፈ መሆኑ እያንገበገበኝ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

እትዬ የሻረግ ኪቦርዱ ፊት እንደተቀመጡ ነበሩ። «በሩ ተከፍቷል፤ ከእንግዲህ የፈለጋችሁትን አድርጉ» አሉ፤ እጃቸውን ግን ከኪቦርዱ ላይ አላነሡም።

አቶ ዘርጋው ሻማ ለኮሱ፣ ሰሙን አሞቁ። ከዚያ ሳጥኑን የተሸከሙትን ሁለት ሰዎች «እስቲ ውጭ ቆዩ፣ የማኅተም ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል» አሏቸው። በሩ እስኪዘጋ ቆይተው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሠላሳ ዓመት ጌም ያሸጉ ሰው በሹክሹክታ፣

«ላቀው፣ ያማል?» አሉኝ።

«ምኑ ጌታዬ?»

«መጫወቱ።»

አውራ ጣቴን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቀዩን ምልክት አገላብጠው መረመሩት። «ይኼ ብቻ?» አሉ። «ይኼ ብቻ» አልኳቸው። መስኮቱን ዘጉና፣ ለማሸግ የሚያመቻቹ መስለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው።

አጥረኞቹን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። እንዳልነግራቸው እትዬ የሻረግ ክንዴን ቆንጥጠው ያዙኝ። ወንዙ መካከል ሲደርሱ ጀልባው ተናጠ፤ አቶ ዘርጋው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው እግራቸውን ከመሬት አነሡ። ጀልባው ሰመጠ። እትዬ የሻረግ የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

አቶ ዘርጋው ወደ ስክሪኑ አጎንብሰው ባዶው ወንዝ ውስጥ የሰመጡትን ፈለጉ። ሰሙ ሻማው ላይ ቀልጦ አልቋል፤ ተሸካሚዎቹ ውጭ ያስላሉ። ጆይስቲኩን ሳይለቁ ቀና ብለው፣

«እንደገና መጀመር ይፈቀዳል?» ብለው ጠየቁ።

የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም እሳቸው ነበሩ። እኛም መልሳቸውን ጠበቅን።